የአስራ ሁለት ቁጥሯ ሴትዮ

ቫልዲቪያ፣ ጁላይ 12 ቀን 2018

ለምወድሽ ልጄ ለፓስካላ፣

እንዴት ነሽልኝ? እዚያ አሁን በጋ ነው ትያለሽ፤ እኔ ግን የስኮትላንድን በጋ በላክሽልኝ ፎቶ ስላየሁት አላምነውም። ካፖርት የሚለበስበት በጋ በጋ አይባልም። እዚህ ዝናቡ አስራ አንደኛ ቀኑን ይዟል። ወንዙ ሞልቶ የዓሣ ገበያው ደረጃ ላይ ደርሷል፤ የባሕር አንበሶቹ ደስታቸው ነው፣ እስከ ሻጮቹ ጠረጴዛ ስር ድረስ እየመጡ ይተኛሉ። ምድጃው ከጠዋት ጀምሮ ይነዳል፣ ቤቱ ግን አልሞቀም። ዶን ኤሊሴዎ በእናቱ ስም ምሎ «ደረቅ ነው» ብሎ የሸጠልኝ እንጨት ሲነድ ያለቅሳል። እናቱን እግዜር ይማራት።

ይህን በእጄ የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። በስልክ ብነግርሽ ታቋርጪኛለሽ፤ የአባትሽ ጠባይ ነው፣ አልፈርድብሽም። ፊደሌ ቢያስቸግርሽ ታገሺኝ፤ ጥቂት እጽፍና እጄን ምድጃው አጠገብ አሞቃለሁ፣ ከዚያ ደግሞ እቀጥላለሁ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ እሳቱ ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ይህኛው ግን ይደርስሻል።

ወረቀቱ ደርሶኛል። «ሁለት ገጽ ብቻ ነው እማ፣ አስራ ሁለት ቁጥሯ ሴትዮ ትፈርምና መልሺልኝ» ብለሻል። ከእንግዲህ የሰጪው ስምና ፊርማ የሌለው የሰው ደም እንደማይቀበሉሽ፣ ካልተፈረመ ደግሞ የአራት ዓመት ሥራሽ የመጨረሻ ምዕራፍ ከመመረቂያ ጽሑፍሽ እንደሚወጣ ገብቶኛል። ስትሄጂ የያዝሽው ደምም ሊያልቅ ነው፣ አዲስ ያስፈልግሻል። ከታች ደግሞ በእጅሽ ጨምረሽ፣ «ለመሆኑ ማናት? በሕይወት አለች? እንዳመሰግናት» ብለሻል።

አለች። ማን እንደሆነች እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ዶኛ ኦርፌሊና ልንገርሽ፤ ያለሳቸው የኔ ነገር አይገባሽም።

ዶኛ ኦርፌሊና ከሜዊን የባሕር ዳርቻ የሚመጡ ሴት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዚያ በረዶ ከሚመስል ውሃ ውስጥ ኮቻዩዮ እየጎተቱ፣ ያንን ረዥም የባሕር አረም እያደረቁና እየሸጡ ነው የኖሩት። በኋላ ታመሙ። ብርድ ሲነካቸው ጣቶቻቸው መጀመሪያ እንደ ሻማ ይነጣሉ፣ ቀጥሎ ይጠቁራሉ፤ ሲሞቃቸው ደግሞ ያቃጥላቸዋል። የእጃቸው ቆዳ እየጠበበ ሄዶ ጡጫ መጨበጥ አቃታቸው። የሰው ደም የገዛ ሰውነቱን እንደ ባዳ የሚያይበት በሽታ መሆኑን ካንቺ በላይ ማን ያውቃል።

የእነዚህ ሕመምተኞች ደም ምን እንደሚችልም ታውቂያለሽ። ከደሙ ላይ የሚቀረውን ቢጫ ውሃ ስላይድ ላይ ጠብ ስናደርገው፣ ከዚያ ሁሉ ግርግር መካከል ያቺን አንዲት ቦታ ፈልጎ ያገኛታል፤ የክሮሞዞሙን ወገብ፣ ሴንትሮሜሩን። እዚያ በተቀመጡት ፕሮቲኖች ላይ ይለጠፋል፣ እኛ ደግሞ በላዩ የሚያበራውን ቀለም ጨምረን በጨለማው ክፍል እናየዋለን። በገንዘብ የሚገዛ ነገር እንደሱ አጥርቶ አያሳይም። ስለዚህ በየወሩ የመጀመሪያው ረቡዕ ዶኛ ኦርፌሊና ሁለት ጓንት ደርበው ከአውቶቡስ ወርደው ላብራቶሪያችን ይመጣሉ፣ እኔም ደማቸውን እቀዳ ነበር።

«ደሜን መጠጣት ከጀመርሽ ስንት ዓመትሽ፣ የደም ቋሊማውን መቼ ነው የምትጋብዢኝ?» ይሉኝ ነበር።

«ከሁለት ማንኪያ ደም ምን ቋሊማ ይወጣል ዶኛ ኦርፌሊና?»

«ሽንኩርት ጨምሪበት፣ ቅመም ጨምሪበት። የከተማ ሰው፣ ሁሉን እኔ ልንገርሽ ነው?»

አንድ ረቡዕ ግን ክንዳቸውን ጥጥ አስይዤ ሳልጨርስ፣ «እስቲ ሳትዋሺ ንገሪኝ» አሉኝ። «ደሜ እዚያ ገብቶ የሚያገኘው ምንድን ነው?»

«በጣም ትንሽ ቦታ ነው። የክሮሞዞም ወገብ እንለዋለን።»

«ወገብ! እኔ የራሴን ካጣሁት ሃያ ዓመቴ፣ ደሜ የሰው ወገብ ይፈልጋል?» ብለው አሳቁኝ። ከዚያ እሳቸው ሳቃቸውን ተዉት። «አሳዪኝ» አሉ። «የራሴ ደም እኔ የማላውቀውን ቦታ ካወቀ፣ በዓይኔ ላየው ይገባል።»

«በሚቀጥለው ረቡዕ» አልኳቸው።

በሚቀጥለው ረቡዕ የማይክሮስኮፑ መብራት ተቃጥሎ ነበር። በሌላው ረቡዕ፣ አለቃችን ዶክተር ሄርነር በሽተኛ ጨለማው ክፍል ሲገባ አይወድም፣ እሱም ውስጥ ነበር። በሌላው ደግሞ የሜዊን አውቶቡስ ሊያመልጣቸው ሆነ። ሁልጊዜ ምክንያት ነበረኝ፣ ሁሉም ምክንያት ደግሞ እውነት ነበር። እሳቸውም መጠየቅ አልተዉም፤ ጓንታቸውን እያጠለቁ፣ «ረቡዕ ነው ያልሽኝ?» ይሉኛል፤ እኔም «ረቡዕ» እላለሁ። እንዲህ እየተባባልን ሰባት ዓመት ሄደ።

በ2006 ክረምት አንድ ረቡዕ ቀሩ። ሁለተኛውም መጣ፣ ቀሩ። በሦስተኛው ወር ፋይላቸው ወደ መዝገብ ቤት ሲወርድ ማኅተሙን አይቼ መሞታቸውን አወቅሁ። ማንም አልነገረኝም፣ ለምንስ ይነገረኛል፣ እኔ ደም ቀጂ ነኝ። ቀብራቸው አልሄድኩም። በማቀዝቀዣው ውስጥ ግን ስማቸው የተጻፈባቸው ስምንት ትንንሽ ብልቃጦች ቀርተው ነበር፣ ሥራውም አይቆምም። የመጀመሪያውን አቅልጬ ስላይድ ላይ አደረግሁት። ሴትዮዋ አፈር ገብተዋል፣ ደማቸው ግን አልሰማም። ያቺኑ ቦታ ሄዶ አገኘ።

ከዚያ ወዲህ ጨለማው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። እናትሽ በመናፍስት የምታምን ሴት እንዳልሆነች ታውቂያለሽ፤ አክስቶቼ ስለ ሙታን መርከብ ሲያወሩ ተነስቼ ሳህን የማጥብ ነኝ። ግን በሩን ዘግቼ ዓይኔን መነጽሩ ላይ ሳደርግ የደረቀ የባሕር አረም ይሸተኛል። አንድ ሰው ከጀርባዬ ተራውን የሚጠብቅ ይመስለኛል። ሳላስበው ወንበሬን ገፋ አድርጌ ቦታ እለቅ ነበር። ተማሪዎቹ አይተውኝ፣ «ለማን ነው የምትለቂው?» ይሉኛል፤ ወገቤን አሞኝ ነው እላለሁ።

ሦስት ዓመት እንዲህ ሄደና ብልቃጦቹ አንድ ቀሩ። ዶክተር ሄርነር ከሌሎች ሕመምተኞች ደም ተክቶ የሚሠራ እንድፈልግ አዘዘኝ። አራት ናሙና አዘጋጀሁ። ለማነጻጸሪያ ደግሞ የጤነኛ ሰው ደም ያስፈልጋል።

የላብራቶሪያችንን ልማድ ታስታውሺያለሽ፣ ልጅ ሆነሽ መጥተሽ አይተሽ «እማ የራስሽን ወጋሽ!» ብለሽ ጮኸሻል። ጤነኛ ደም ሲያስፈልግ ማን ይለምናል፣ ማን ወረቀት ያስፈርማል? ሠራተኛዋ እጅጌዋን ትጠቀልላለች፣ አለቀ። ሥራ ከገባሁ ጀምሮ የላብራቶሪው ጤነኛ እኔ ነበርኩ። በብልቃጡ ላይ ስሜ እንኳን አይጻፍም፤ «ጤነኛ» ብቻ ነው የሚለው።

የኔ ስላይድ ጨለማ መሆን ነበረበት። ጨለማ መሆኑን አይቼ ወደ ሌላው ማለፍ ነው፣ እንደ ወትሮው። አልነበረም። በእያንዳንዱ ክሮሞዞም ወገብ ላይ አረንጓዴ ነጥብ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ አንድም ሳይጎድል በርቷል። እንደዚያ የጠራ ከዶኛ ኦርፌሊና በቀር ከማንም አላየሁም።

መጀመሪያ ብልቃጥ ያቀያየርኩ መሰለኝ። «ጃጀሽ ኤዱቪና» ብዬ ራሴን ሰደብኩ። በማግስቱ ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ አዲስ ደም ከክንዴ ቀዳሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ሌላ ምንም ብልቃጥ አልነበረም፣ የኔ ብቻ። ገብቼ አየሁ። ያው ነው። ከኋላዬ የባሕር አረም ሸተተኝ። ጮክ ብዬ፣ «ዶኛ ኦርፌሊና፣ ምን አደረጉኝ?» አልኩ። አፌን በእጄ ያዝኩ።

እሳቸው ምንም አላደረጉኝም። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም፣ ይህን ለስንት ተማሪ አስተምሬያለሁ። ግን ያን ቀን ያወቅሁት ሁሉ ከዳኝ። ቃሌን ስላልጠበቅሁ ሴትዮዋ ራሳቸው ሊያዩ በኔ ደም የመጡ መሰለኝ። ዛሬም አንዳንዴ ይመስለኛል።

ዶክተር ሄርነር ከምሳ ሲመለስ ስላይዱ ገና ማይክሮስኮፑ ላይ ነበር። አጎንብሶ አይቶ ፉጨት አፏጨ።

«የማናት ይህች?»

«ከገጠር የመጣች ሴት ናት» አልኩ።

«ኤዱቪና፣ ስታገኚያት ግንባሯን ሳሚልኝ! አስር ዓመት ትሠራልናለች።»

«እሺ ዶክተር፣ እስማታለሁ።»

ብልቃጡ ላይ አስራ ሁለት ቁጥር ጻፍኩበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ «ጤነኛ» የሚለው የሰቬሪና ደም ነው፤ ያቺ አዲሷ ልጅ፣ አንቺ አታውቂያትም። እኔ አስራ ሁለት ቁጥር ነኝ።

አሁን ይህን መስመር ደግመሽ እያነበብሽው እንደሆነ አውቃለሁ። አንብቢው። እኔ እጄን ላሙቅ።

ለምን ሳትነግሪኝ ትይኛለሽ። በመጀመሪያ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ደሙ አውቋል፣ ሰውነቴ ገና አልሰማም። አንቺ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርሽ፣ አባትሽን ከቀበርን ዓመት አልሞላም። በኋላ ጣቶቼ መንጣት ሲጀምሩ ያ የስኮትላንዱ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ መጣ። ብነግርሽ አትሄጂም ነበር። ፈራሁ። ላንቺ ብዬ ነው ብል ግማሹ ውሸት ይሆናል፤ እናትሽን በዚያ ዓይን እንድታዪያት አልፈለግሁም፣ በሽተኛ በሚታይበት ዓይን። ስትሄጂ ስድስት ብልቃጥ በደረቅ በረዶ አድርጌ ሰጠሁሽ። «እማ፣ ከወርቅ ይበልጥብኛል» ብለሽ ሳጥኑን ሳምሽው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር።

ከመሄድሽ በፊት በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ሥራሽን በሹራብ ክር ያስረዳሽኝን አልረሳሁትም። ሁለት ቀይ ክር ወገባቸው ላይ አስረሽ፣ አንዱን ጫፍ እኔን አስይዘሽ ሳብን። «ህዋሱ ሲከፈል እንዲህ ነው የሚሳበው እማ፤ ገመዱ የሚይዘው ወገቡን ብቻ ነው። ገመዱ መያዣ ካጣ አንዷ ልጅ ትርፍ ይዛ ትሄዳለች፣ ሌላዋ ጎድሎባት።» እሱንስ አውቃለሁ፤ ያንን ትርፍና ጉድለት ለመለየት የክሮሞዞሞቹን ፎቶ በመቀስ እየቆረጥኩ፣ ጥንድ ጥንድ አድርጌ እየለጠፍኩ ነው ያሳደግሁሽ። የገረመኝ ቀጥሎ ያልሽው ነው። ያ ቦታ ቦታ መሆኑ በዲኤንኤው ፊደል አልተጻፈም አልሽኝ። የሚታወቀው እዚያ የተቀመጠ ፕሮቲን ስላለ ብቻ ነው፤ ህዋሱ ሲከፈል ከተቀማጮቹ ግማሹ ወደ አንዷ ልጅ፣ ግማሹ ወደ ሌላዋ ይሄድና አዲሶቹን ጠርቶ አጠገቡ ያስቀምጣል።

«ሁሉም ቢነሱስ?» አልኩሽ።

«ቦታው ይረሳል እማ። ነበር የሚል አይኖርም።»

ያን ቀን ተነስቼ ሻይ ላፍላ ያልኩት እንባዬ ስለመጣ ነው። ዶኛ ኦርፌሊናን አስቤ ነበር። ደማቸው በስንት ጽሑፍ ውስጥ ያበራል፣ ስማቸው አንድም ቦታ የለም። ከኔ በቀር ነበሩ የሚል ሰው የለም።

አሁን ስላለሁበት ልንገርሽ። የስልኬ ካሜራ አልተበላሸም። ከኖቬምበር ጀምሮ እያጠፋሁት ነው። ፊቴ ላይ ትንንሽ ቀይ ነጠብጣቦች ወጥተዋል፣ አፌ ጠቧል፣ ትልቁ የሾርባ ማንኪያ አይገባልኝም። መቀስ መያዝ ካቆምኩ ዓመት አልፏል፤ ሥራ የለቀቅሁት ደክሞኝ ነው ያልኩሽ ለዚህ ነው። እሱን እንኳን ለምጄዋለሁ። የሚያስፈራኝ ትንፋሼ ነው። የገበያውን ደረጃ ስወጣ ሁለት ጊዜ እቆማለሁ፣ የባሕር አንበሶቹን የማይ አስመስዬ። የሳንባዬ የደም ሥሮች እየጠበቡ ነው አለችኝ ሐኪሟ። መድኃኒት ሰጥታኛለች፣ እወስዳለሁ። ስንት ጊዜ አለኝ ብዬ ስጠይቃት፣ ደግ ልጅ ናት፣ መልሱን የነገረችው ለመስኮቱ ነው።

ባለፈው እሁድ ሶይላ፣ ያቺ የግድግዳ ጎረቤታችን፣ ሳታንኳኳ ገባች። ዳቦ ላቦካ ጓንቴን አውልቄ ነበር። እጄን አንስታ አገላብጣ አየችው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ብርድ ነዋ።»

«ብርዱ እኔንም ሠላሳ ዓመት በርዶኛል፤ የኔ ጣት ለምን እንዲህ አልሆነም?» አለችና ተቀመጠች። «ልጅቷ ታውቃለች?»

«መመረቂያዋ ደርሷል ሶይላ፣ ሰባት ወር ነው የቀራት።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷ የምትመረቀው ላንቺ ቀብር ነው?»

ተናድጄ ዱቄት ወረወርኩባት። እሷም መልሳ ወረወረችብኝ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፣ ዳቦውም አልተነሳ።

አንድ ነገር አደራ። በብርድ ጊዜ ጣትሽ ይነጣል? ባለፈው «እናንተ ጤነኛ ደም ከማን ነው የምትወስዱት?» ብዬሽ፣ «በጠርሙስ ተገዝቶ ይመጣል፣ እዚህ ማንም እጅጌውን አይጠቀልልም» ስትይኝ እፎይ ብዬ ነበር። ካላየሽው የለም ብዬ ነው። ሞኝነት ነበር። ከናት ወደ ልጅ ላይተላለፍ ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜም አይተላለፍም፤ አንቺ ግን ሄደሽ ታዪ፣ ብቻሽን በምሳ ሰዓት ሳይሆን ሐኪም ባለበት። እኔ ያደረግሁትን አታድርጊ።

ወረቀቱን ፈርሜዋለሁ፣ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ስሜን ያሰፈርኩት በትልቁ ነው፣ ደምም እሰጣለሁ፣ ደስ ብሎኝ። ሥራሽ ሲያልቅ ምስጋናው ላይ ግን የኔን ሳይሆን የዶኛ ኦርፌሊና ሊየንላፍን ስም አስቀድሚ። እሳቸው ናቸው ቦታውን የያዙልኝ።

በሁለተኛው ገጽ ግርጌ «ሰጪዋ የምታስቀምጠው ቅድመ ሁኔታ ካለ» የሚል ባዶ መስመር አለ። ሦስት ቀን አፈጠጥኩበት። «ትምህርትሽን ሳትጨርሺ እንዳትመጪ» ብዬ ልጽፍበት ነበር፤ በእሳት ያቃጠልኳቸው ሁለቱ ደብዳቤዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። ትላንት ግን አሮጌው ላብራቶሪ ሄጄ በሩን እንዲከፍቱልኝ ለመንኩ። ጨለማው ክፍል ገብቼ ተቀመጥኩ። ሽታው መጣ። ወንበሬን ገፋ አድርጌ ቦታ ለቀቅሁና፣ «ይዩ ዶኛ ኦርፌሊና፣ ረቡዕ ነው» አልኳቸው። የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ስላይድ አላደረግሁም፣ ጣቴ አልያዘልኝም። እሳቸውም ሆኑ እኔ ምንም አላየንም። እዚያ ተቀምጬ ነው መስመሩ ላይ የምጽፈውን ያወቅሁት።

እንዲህ የሚል ታገኛለሽ፦ «ደሙን ልጄ ራሷ መጥታ ትቅዳ። ስትጨርስ ማይክሮስኮፑ ፊት ታስቀምጠኝና ደሜ ያገኘውን ታሳየኝ።»

እጅሽ ሁልጊዜ ይሙቅልሽ። ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽ አይጠርሽ። የምትስቢው ገመድ ሁሉ መያዣ ይኑረው፣ የትም ብትከፈይ ጎድሎብሽ አትሂጂ። ድንግል ማርያም መንገድሽን ትጠብቅልኝ።

መቼ እንደምትመጪ ጻፊልኝ። ቀኑን ቆርጠሽ ጻፊ። በሚቀጥለው ረቡዕ ግን አትበይኝ።

እናትሽ፣
ኤዱቪና ኦያርሱን
አስራ ሁለት ቁጥር